የየሺን ፊት ለማሳከም ጎንደር ደርሰን ስንመለስ

ከተመለስን ወዲህ ምንጭ ስወርድም ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም ሴቶቹ ይይዙኛል። «በመብራት ፊት ይላጣል የሚሉት እውነት ነው?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርሁት ሌላዋ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። አንዷማ የሺን እንደ ድንች ልጠው አመጧት ብላ አስወርታለች አሉ። ደጋግሞ ማውራት ስለደከመኝ ጻፍሁት፤ የሚያነብ ልጅ ያላችሁ አስነብቡት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና መሪጌታ ነበር፤ ተማሪዎቹን ደጅ አስቀምጦ ሲያስቆጥር እኔ ጓዳ ሁኜ እህል እያበጠርሁ ፊደሉን ለየሁ። አጻጻፌ ቢጣመም አጠገባችሁ ተቀምጬ እንዳወራሁ ቁጠሩት።

እግሬ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ግሸን ሄጃለሁ፣ ላሊበላ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም በእግሬ። ለንግሥ ሲሄዱ ድካሙ ራሱ ደስ ይላል፤ ሰው አብሮ ይዘምራል፣ ያገኙትን ተካፍለው ይበላሉ። ይህኛው መንገድ እንደዚያ አልነበረም። ተደብቀን ነው የሄድነው፤ ተደብቆ መሄድ ደግሞ ሸክም ተሸክሞ ዳገት እንደ መውጣት ነው።

የተደበቅንበትን ልንገራችሁ። የልጄ የየሺ ባል አድማሱ በክረምት ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወስዶት ነው የሞተው። የዚያን ቀን የሺ ፊቷን ነጨች። በኛ አገር ሴት ለባሏና ለወንድሟ ስታለቅስ ጉንጯን በጥፍሯ ትነጨዋለች። ቄሶቹ ይቆጣሉ፤ ሐዘን ሲመጣ ግን ቁጣቸውን የሚያስታውስ የለም። የሌላዋ ሴት በጊዜው ይድናል፤ የየሺ አመረቀዘ። ሲሽር ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ፣ በግራም በቀኝም፣ እንደ ገመድ ያበጠና የጠቆረ መስመር ሁኖ ቀረ። እንግዲህ ሴት ልጇ ብርቱካን ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለውን ጠባሳ በመብራት የሚያሳሳ ሐኪም ቤት እንዳለ ለየሺ ነገረቻት፤ የሺም ከዚያ ቀን ጀምራ እንቅልፍ አጣች።

የፈራችው ሕመሙን አይደለም፤ ዓለሚቱን ነው። ዓለሚቱ የአድማሱ እህት ናት፤ አምባ ጊዮርጊስ በርበሬ ትነግዳለች። በዚያ ለቅሶ እርሷም ፊቷን ነጭታለች፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። ለብርቱካን ከአባቷ ወገን የቀረቻት እርሷ ብቻ ናት። «እትየ ዓለሚቱ ወንድሟን ከፊቴ ያስፋቅሁት ይመስላታል፤ ሠርጉንም ትቀርብናለች» አለች የሺ። ያለ አባት ወገን የምትዳር ሙሽራ ደግሞ ምን እንደምትመስል እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለጎረቤት፣ ዓይን ለመታከም ነው ብለን ወጣን።

አንደኛው ቀን

ማለዳ ከቤት ወጥተን እስከ ዳባት በእግራችን ሄድን። ጉልበቴ ገና ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮ አኮረፈኝ። ዳባት ላይ ማኪናው እስኪሞላ በጠበቅነው ጊዜ ጎንደር ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር። ሲሞላ ደግሞ በየመቀመጫው አንድ ሰው ጭኖ መሙላቱ አይደለም፤ ረዳቱ በኔና በየሺ መካከል አንድ ጎልማሳ ጨመረ፣ እግራችን ሥር የድንች ጆንያ ጨመረ፣ በጆንያው ላይ የታሰረች ዶሮ ጨመረ። ዶሮዋ እስከ ጎንደር ቁርጭምጭሚቴን ስትነካካ ሄደች።

«እማማ፣ ጠጋ ይበሉ» ይለኛል ረዳቱ።

«ወዴት ልጠጋ ልጄ? በመስኮቱ ልውጣ?»

«ቢወጡ ሌላ ሰው አስገባ ነበር» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

መንገድ ላይ ውረዱ ተባልን፣ ወረድን። ተፈተሽን። ግቡ ተባልን፣ ገባን። ደግሞ ሌላ ቦታ ውረዱ ተባልን። ድሮ ለንግሥ ስሄድ የሚያስቆመኝ ወንዝና ዳገት ነበር፤ እነርሱ ቢያንስ መታወቂያ አይጠይቁም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። የሺ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። እኔም በርበሬ ተራውን ላለማየት ወደ ሌላው ወገን ዞርሁ። በራሳችን አገር እንደ ሌባ አቀርቅረን አለፍን፤ ከጉዞው ሁሉ ይህ ከበደኝ።

ወለቃ ስንደርስ መንገድ ዳር ሸክላ ተደርድሯል። በኛ ሰፈር ሸክላ ለእንስራና ለድስት ነው። እዚህ ደግሞ ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ሰዎች፣ አንበሶች፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት አለች። የሴትዮዋን ፊት ለማየት ፈለግሁ፤ ማኪናው አልቆመም።

ጎንደር ከኛ ደጋ ይሞቃል። ጋቢዬን ተሸክሜው ዋልሁ። ያረፍነው በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ፣ መሪጌታ ይባቤ ቤት ነው። ባሌ ፊደል ያስቆጠረው ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቶ ተማሪ ያስተምራል። ሚስቱ እንጉዳይ ገና ደጃፉ ላይ ሳንቀመጥ ውኃ አሙቃ እግራችንን አጠበች። የኔን ጉልበት ስታሽ እንባዬ መጣ፤ ከማዘን አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ለኛ ለቀው እነርሱ መሬት አነጠፉ። አይሆንም ብል መሪጌታው «የኔታ አልጋ ላይ ባያስተኙኝም አንቱ በልጅነቴ ስንት ቀን ቆሎ ከመሶብ አውጥተው ሰጥተውኛል፤ ዝም ብለው ይተኙ» አለኝ። ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ሐኪም ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ያውም ከፎቁም ላይኛው። ደረጃውን ስወጣ ግሸን መውጣት ቀለለብኝ። እዚያ ጫፉ ላይ ማርያም አለች፤ እዚህ ጫፉ ላይ ያለችው ስም ጠርታ የምታስቀምጥ ልጅ ናት።

አጠገቤ ወርቅ ያጠለቀች፣ ጠረኗ የሚያውድ ሴት ተቀምጣለች።

«እማማ፣ እርስዎም ሊሠሩ ነው?» አለችኝ።

«ምኔን?»

«ፊትዎን ነዋ። ሽብሽቡን።»

«አይ ልጄ፣ እኔ ልጄን ይዤ ነው። አንችስ ምንሽን ነው?»

«እኔም ሽብሽቡን ነው።»

አፈጠጥሁባት። አንዲት መስመር አጣሁባት። «የታለ?» አልኋት።

«ስስቅ ይመጣል» አለች።

«ታዲያ አትሳቂያ።»

ሳቀች። እውነቷን ነው፣ መጣ። ከዓይኗ ጥግ ላይ እንደ ዶሮ እግር የመሰለች ቀጭን ነገር። እኔ ፊቴ ላይ ያለው እርሷ ላይ ቢሆን ቤት ሽጣም አትጨርሰው። ግን ልጅቷን ወደድኋት፤ እርጅናን የሚፈራ ሰው ገና ብዙ የሚፈልገው ነገር አለው ማለት ነው።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች። የየሺን ጉንጭ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየች። ከዳነ በኋላ እያደገ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ አላደገም አለች የሺ። «እያደገ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የለቅሶ ነው?» ስትል የሺ ራሷን ነቀነቀች። ዶክተሯም የማን ብላ አልጠየቀችም።

«መብራቱ ቆዳሽን በጥቃቅን ነጥብ ይበሳዋል» አለቻት። «እንደ መርፌ ጫፍ ነው። በነጥቦቹ መካከል ያልተነካ ቆዳ ይቀራል። እርሱ ነው አዲሱን የሚያበቅለው።»

«ሁሉም ይጠፋል?» አለች የሺ።

«አይጠፋም። ይሳሳል፣ ይለሰልሳል። እንደኛ ጠየም ላለ ቆዳ መብራቱን ቀነስ አድርጌ ነው የምሠራው። ካበዛሁት ቦታው ይጠቁርና ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ ወር አልፎ ሲያገግም ደግመሽ ትመጫለሽ።»

«ለፋሲካ ይደርሳል?»

«እርሱ ባንቺ ነው። ፀሐይ አታስመቺው። ጭስና የእሳት ወላፈን አይንካው። የሰጠሁሽን ቅባት ብቻ ቀቢ። ቅርፊት ሲይዝ ያሳክክሻል፤ በጥፍርሽ አትንኪው።»

በጥፍርሽ ስትላት የሺ እጇን አየች፤ ቀስ ብላም ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

ማደንዘዣ ቅባት ቀብተው ጉንጯን ሸፍነው ብዙ አስቀመጡን። ከዚያ አስተኟት። ዓይኗ ላይ ትንንሽ ብረት መሳይ ከደኑባት፤ ለኔም ጥቁር መነጽር ሰጡኝ። መነጽሩን ሳደርግ የሺ ባታየኝ ጥሩ ነው፤ ከሳቀች ዶክተሯ ትስታለች ብዬ ሰጋሁ። መሣሪያው ትልቅ ነው፣ ክንድ አለው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጭሱን በቱቦ ይስቡታል፤ ሽታው ግን አይቀርም። የበግ ራስ ሲለበለብ እንደሚሸተው ነው። የልጄ ፊት ነው የሚሸተው እያልሁ ራሴን እንዳልስት ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ። የሺ ጣቴን ይዛለች፤ ጠቅ ባለ ቁጥር ታጠብቀዋለች። እርሷን ስወልድ የአዋላጇን እጅ እንዲህ ይዤ ነበር።

ግራ ጉንጯ አልቆ ወደ ቀኙ ሊዞሩ ሲሉ መብራት ሄደ።

ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ዶክተሯ «ይመጣል» አለች። አልመጣም። ጀነሬተር አስነሱ፤ አምፑሉ በራ፣ መሣሪያው ግን አልነሳም። «ይህን አይችለውም» አለች። ጠበቅን። ማደንዘዣው ከቀኝ ጉንጯ ላይ እስኪለቅ ጠበቅን። በመጨረሻ «ነገ ኑ» ተባልን።

እኔ አገር ቤት መብራት የለም፤ ስለዚህ አይሄድም። ሰው መብራት ካለው እንዲህ ያለ ችግርም እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ።

አንዷ ጉንጯ ቀይ ሁና አብጣ፣ አንዷ እንደ ድሮዋ ሁና ቤት ገባን። እንጉዳይ ስታያት አፏን ያዘች። ሮጣ ሄዳ በጽዋ ቅቤ አምጥታ በጣቷ ጠቅሳ ልትቀባት እጇን ስትዘረጋ ያዝኋት።

«ምነው? ንጹሕ ነው፣ ለጋ ነው!» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ። ሐኪሟ ከሰጠችው በቀር አይነካ ብላለች።»

«ለተቃጠለ ቅቤ ያልተቀባ ለምን ሊቀባ ነው?»

ቅር አላት። ጽዋውን ይዛ ወጣች። እኔም ደጅ ወጥቼ ልለምናት ስል ምን አየሁ፤ ከሰሉንና ድስቱን ተሸክማ ወደ ጎረቤት እየሄደች ነው። ጭስ አይንካት የሚለውን ከየሺ ሰምታ ኖሯል። ከዚያ በኋላ እኛ እስክንሄድ ድረስ ወጡን ሁሉ ሰው ቤት እያበሰለች፣ ትኩሱን በቀሚሷ ይዛ እየተቃጠለች ታመጣልን ነበር። ቅቤውን ደግሞ ለኔ ጉልበት አሸችበት። «ያንቱን ዶክተሯ አልከለከለችም» አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን

ቀኙ ጉንጭ በሰላም አለቀ። መብራት ሳይሄድ ሲቀር ዶክተሯ ራሷ ተመስገን አለች። ለፀሐይ የሚቀባ ቅባት በትንሽ ቱቦ ሰጠችን፤ እርሱን ግን ቁስሉ ሲሽር ነው፣ እስከዚያው በጨርቅ ሸፍኚ አለቻት።

የሺ መስተዋት ለምና አየች። ብዙ ቆየች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ አብጧል፤ መስመሮቹ በእብጠቱ ውስጥ ገብተው አይለዩም።

«አሁንስ የባሰ መሰለኝ» አለችኝ።

«ጠብቂ።»

«እንቢ ቢልስ?»

«እንቢ ቢልም የምታገባው ብርቱካን ናት እንጂ ያንች ፊት አይደለም» አልኋት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፤ ድካም ነው ያናገረኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት መሪጌታው ጸሎት አድርሶ ሸኘን። እንጉዳይ ዳቦ ቋጥራ ሰጠችን። ፀሐይ ገና በማለዳው ይወጋል። የየሺ ነጠላ ስስ ነው፤ ፀሐዩ አልፎ ይገባል። ወፍራሙ ጥለቱ ነው፤ ስለዚህ ገለበጥሁና ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጌ ግንባሯንና ጉንጯን ሸፈንሁት። ሸጋ ጥላ ሆነላት። ዓይኗ ብቻ ቀረ፤ ዓይኗም ከእብጠቱ የተነሣ ቀልቷል።

መናኸሪያ ስንገባ አንድ ሽማግሌ ቆብ አውልቀው ተነሡና መቀመጫ ለቀቁልን። ደግ ሰው ናቸው ብዬ አለፍሁ። ረዳቱ ወደኛ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ከፊት ይሁኑ» አለኝ፤ ማንንም በመካከላችን አልጨመረም። ዶሮም አላመጣብንም። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ በመስተዋቱ አየንና ዘጋው። ያኔ ነው የገባኝ። ጥለቱን ወደ ፊት አድርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ የተቀመጠች ሴት ምን ትመስላለች? ሙት ቀብራ የምትመለስ እንጂ ሌላ ምን ትመስላለች።

ከኋላችን አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እግዜር ያጽናችሁ» አለችኝ።

አይ፣ ሕክምና ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ምን ዓይነት ሕክምና ልትለኝ ነው፤ ስለ መብራቱ ላወራ ነው፤ ማኪናው ሁሉ ሊሰማ ነው፤ ወሬው ከኛ ቀድሞ ዳባት ሊገባ ነው። አንገቴን መሸከም አቅቶኝ ነበር።

«አሜን» አልሁ።

የሺ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እማ፣ ምነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። አሜን አጭር ነው።»

ሴትዮዋ ግን አልበቃትም። ከንፈሯን እየመጠጠች ማን እንደሆነ፣ ወጣት እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «አምባ ጊዮርጊስ ሰው አላችሁ?» አለችኝ ቀጥላ። ይህን እንኳ እውነቱን ልናገር ብዬ «የልጄ ባል እህት አለች፤ ዓለሚቱ፣ በርበሬ ነጋዴዋ» አልኋት።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሴትዮዋ ወረደች። እኛም ወዲያው እናልፋለን ስንል ሾፌሩ ከሰዎች ጋር ተነጋግሮ ተመለሰና «ወደፊት መንገዱ ተዘግቷል፤ ዛሬ የሚያልፍ የለም። ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። መንገድ ሲዘጋ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው በኛ በኩል ካለቀ ቆይቷል። ሰው ዕቃውን እያነሣ ወረደ። እኛም ወርደን ግንብ ሥር ቆምን። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ግንቡ ጥላ የለውም።

ከገበያው በኩል ጩኸት ሰማሁ። ዓለሚቱ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሮጠች፣ ከኋላዋ ሴቶች እየተከተሏት ትመጣለች። ያቺ ከማኪናው የወረደችው ሴት ነግራት ኖሯል። «ብርቱካን ናት? ልጄ ናት? ንገሩኝ፣ ብርቱካን ናት?» ትላለች። ስትሮጥ እጆቿ ወደ ፊቷ ሄዱ። ጣቶቿ ሲታጠፉ አየሁ። አውቀዋለሁ ያንን እጅ፤ በአድማሱም ቀን አይቼዋለሁ።

እኔ ከቆምሁበት ሳልንቀሳቀስ የሺ ደረሰችባት። ሁለት እጆቿን ያዘቻት። «የሞተ የለም! እትየ፣ የሞተ የለም!» አለቻት። ዓለሚቱ አትሰማም፣ ትታገላለች። የሺ በአንድ እጇ እርሷን እንደያዘች በሌላው ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«እይኝ። አልነጨሁም። ሐኪም ነው፤ ያድናል ብለውኝ ነው። ብርቱካን ደኅና ናት፣ ቤት ናት።»

ዓለሚቱ ቆመች። አየቻት። ሴቶቹም ቆሙ። መልኳ ሲለዋወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ነፍሷ ተመለሰች፣ ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደምታይ ገባት። ነጠላውን ራሷ አንሥታ የየሺን ፊት ሸፈነችው። «ኑ፣ እንግባ» አለች።

ቤቷ ገብተን ሽሮ አቀረበችልን፣ እኛ በላን፣ እርሷ አልበላችም። የተሰበሰቡትን ሴቶች በር ላይ መለሰቻቸው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ልተኛ ፈለግሁ፤ እንቅልፍ ደግሞ እንቢ አለኝ። በመጨረሻ ዓለሚቱ በርጩማዋን ስባ የየሺ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እነዚያ የርሷ መስመሮች ጉንጯ ላይ አሉ፤ የየሺን ያህል አላበጡም፣ ግን አሉ።

«አድማሱን ነው ያስፋቅሽው?» አለቻት።

«አይደለም እትየ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የሺ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። «ብርቱካን ፊቴን ስታይ ዓይኗን ትሰብራለች» አለች። «ታፍርብኛለች አላልሁም። ታዝናለች። ባየችኝ ቁጥር አባቷ ይሞትባታል። በሠርጓ ቀን እንኳ ደኅና ትዋል ብዬ ነው።»

ዓለሚቱ ጣቷን ወደ የሺ ጉንጭ አቀረበችው፣ ሳትነካው መለሰችው።

«ያማል?»

«ያቃጥላል።»

«ያኔስ?»

የሺ አሰበች። «ያኔ አላመመኝም» አለች።

«እኔንም አላመመኝም» አለች ዓለሚቱ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ የሺን እንባሽ ቁስሉን ይነካዋል ልላት ፈልጌ ተውሁት። ዓለሚቱ ራሷ ናት በነጠላዋ ጫፍ፣ ጉንጯን ሳታሻሽ፣ ከዓይኗ ሥር ሥር እየነካካች የጠረገችላት።

አምስተኛው ቀን

ስነሣ ቤቱ ጨለም ብሏል። ዓለሚቱ በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ላይ ጋቢዋን ሰቅላ ኖሯል፤ የጠዋቱ ፀሐይ የሺ ፊት ላይ እንዳይወድቅ። እሳቱንም ደጅ አውጥታ ነው ሻይ ያፈላችው። ማታ ሐኪሟ የከለከለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቃን ነበር፤ ለካ ልትይዘው ነው።

ወደ ማኪናው ስንሄድ ትልቅ ጥቁር ጥላ ይዛ መጣች። እኔን ትታ የሺን በፀሐዩ በኩል ሁና ሸፈነቻት። መንገዱ ሲታጠፍ እርሷም ትዞራለች፤ ፀሐዩ ወደ ዞረበት ትሄዳለች። ራሷ በፀሐይ ነው የምትሄደው። በርበሬ ተራ ስናልፍ አንዲት ነጋዴ «ዓለሚቱ፣ ሐዘኑ የማን ሁኖ ነው?» አለቻት።

«ሐዘን የለም» አለች ዓለሚቱ። «ሠርግ አለብን።»

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ ወደ የሺ ሳትዞር «እኔ አላስነካውም» አለች። «ያንች ይዳን። ለወንድሜ የኔ ይበቃዋል።»

የሺ ክንዷን ያዘቻት፤ እንዲሁ ተያይዘው ሄዱ፤ እኔ ከኋላ በጉልበቴ እያነከስሁ።

መንገዱ ተከፍቷል አሉ። ሾፌሩ ሲያየን ዛሬም ዘፈኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ፤ «ተወው ልጄ፣ ይዝፈን» አልሁት። ማኪናው ሲነሣ ዓለሚቱ ጥላውን አጥፋ በመስኮቱ አስገባችልን።

«አንችስ?» አለች የሺ። «ገበያ በፀሐይ ልትውይ ነው?»

«ያዥው። ሠርግ ስመጣ እወስደዋለሁ።»

ዳባት እስክንደርስ ተኛሁ። በዚያ ሁሉ መንገድ ማኪና ውስጥ የተኛሁት እንቅልፍ ይህ ብቻ ነው። ከዳባት ወደ ቤት ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ዛሬም ጉልበቴ አልተመለሰልኝም።

አሁን ቅርፊቱ ረግፏል። ከሥሩ የወጣው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀላ ያለ ነው፤ መስመሮቹም አሉ፣ ግን ቀጥነዋል፣ እጅ ሲነካቸው እንደ በፊቱ አይቆረቁሩም። ደግመን ልንሄድ ነው፤ ያን ደረጃ ሳስበው ከአሁኑ ይደክመኛል። ልታዩ የምትመጡ የየሺን ፊት ታያላችሁ። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ጥቁር ጥላ የሚያየው የለም። የሺ ደጅ ስትወጣ ትይዘዋለች፤ ስትመለስ አቧራውን ጠርጋ እዚያው ትሰቅለዋለች። የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቷ ትመጣለች።